ሰርቨር የሚያስቸግራችሁ ሁሉ፣ ይሄን ልጅ ሳታናግሩ ብር እንዳታወጡ

ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኝ ነው እንጂ ስሙንም ስልኩንም በትልቁ ጽፌ ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ብለጥፈው ደስ ይለኝ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የቢሯችንን ሰርቨር ያዳነልን ልጅ ነው፣ ሰርቨሩን ብቻ ሳይሆን እኔንም ከደም ግፊት።

እኛ ልደታ አካባቢ ያለን ትንሽ የጥብቅና ቢሮ ነን። ሥራችንን ለማታውቁት፣ ከአዋጅ 454/1997 ወዲህ ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም የታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ስለሚያስገድድ "ሰበር በዚህ ጉዳይ እንዲህ ብሏል" ማለት ካልቻልክ ባዶ እጅህን ነው ችሎት የገባኸው። ውሳኔዎቹ ደሞ በቅጽ በቅጽ እየታተሙ መደርደሪያ ሞልተዋል፣ ነጋሪት ጋዜጣው ሌላ፣ የራሳችን የድሮ ፋይል ሌላ። የባልደረባዬ ልጅ ውጪ ነው የሚኖረው፣ እሱ ነው ኢላስቲክሰርች የሚባል ነገር አለ፣ ሁሉንም ፋይል አንብቦ የፈለጋችሁትን ቃል ወዲያው ያወጣላችኋል ያለን። ትልልቅ ድርጅቶች በብዙ ማሽን ላይ አከፋፍለው ነው አሉ የሚጠቀሙበት፣ እኛ ያለን አንድ ማሽን ነው፣ በአንድም ይሰራል ተባለ። ይሰራል። የሚያሰራው ሰው ማግኘት ነው እንጂ ከባዱ።

ስም አልጠራም፣ ግን ያየነውን አበሳ ሳልናገር አላልፍም። የመጀመሪያው ባለሙያ ገጠመልን፣ ሰራ፣ ደስ አለን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ አልነሳም አለ። ደወልን፣ መጣ፣ ስክሪኑን ወደራሱ አዙሮ የሆነ ነገር ጻፈ፣ ተነሳ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። መብራት ደግሞ ሄደ፣ ደግሞ አልነሳም፣ ደግሞ ሂሳብ። አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ዓይነት የሚከፈል ገንዘብ ማለቂያ እንደሌለው ታውቁታላችሁ። ኋላ ላይማ ስልክም ማንሳት ተወ። ሁለተኛው ገና ሲያየው (ኢላስቲክሰርቹ ጤንነቱን በቀለም ነው የሚያሳየው) "ቢጫ ነው፣ ታሟል፣ ሁለት ተጨማሪ ሰርቨር ካልገዛችሁ አይሆንም" ብሎ በማግስቱ ፕሮፎርማ ይዞልን መጣ፣ ዋጋውን እዚህ ብጽፈው አታምኑኝም፣ ደግሞ የሚሸጠው ዘመዱ እንደሆነ የሰማነው በኋላ ነው። ሌላው ደሞ "አሁን ይበራል" ብሎ የማሽኑን ሚሞሪ አሟጦ ለዚህ ነገር ሰጠውና ኮምፒውተሩ ራሱ መተንፈስ አቃተው፣ አንድ ፋይል ለመክፈት ቡና ተቆልቶ ይደርስ ነበር። ሁሉም ሲጠየቁ ይቆጣሉ። "እርስዎ አይገባዎትም" ያለኝም አለ። አዎ አይገባኝም፣ ስላልገባኝ አይደል እንዴ የከፈልኩህ?

በመጨረሻ ፋርማሲ ያላት ጓደኛዬ ናት "እኔ ጋ የሚሰራ አንድ ዝምተኛ ልጅ አለ" ብላ የላከችልኝ። ምንም ተስፋ አላደረግኩም ነበር እውነቱን ለመናገር። መጣ፣ ቁጭ አለ፣ ምንም ሳይነካ "እትዬ፣ ሲበላሽ ምን ብሎ ነው የሚበላሸው?" አለኝ። እኔ ምን አውቄ። "ግድ የለም፣ የሆነውን ሁሉ ራሱ መዝግቦ ያስቀምጣል" አለና ያንን ጽሑፍ አውጥቶ ከላይ ጀምሮ ማንበብ ጀመረ። በቃ፣ መዝገብ ሳያነብ አስተያየት የማይሰጥ ሰው! ይሄ የኛ ሰው ነው አልኩ በልቤ።

ለካ ችግሩ ፊት ለፊት ተጽፏል። ስክሪኑን ወደኛ አዞረና በጣቱ እያሳየ "ይኸው፣ 262144 ይሁንልኝ ብሎ ይለምናል፣ ማሽኑ የፈቀደለት 65530 ነው፣ ስለዚህ አልነሳም ይላል" አለን። የምን ቁጥር እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ አስረድቶኛል፣ አልገባኝም። የገባኝ ግን ይሄ ነው፦ የፊተኛው ባለሙያ ቁጥሩን ሁሌ ያስተካክል የነበረው በቃል ነው እንጂ በጽሑፍ አልነበረም፣ ማሽኑ ሲጠፋ ይረሳዋል። ልጁ የሚቀመጥበት ፋይል ውስጥ በጽሑፍ አስገባው፣ ማሽኑን ራሱ አጥፍቶ አበራው፣ ማንም ሳይነካው ተነሳ። ሚሞሪውንም ቀነሰው፣ ከግማሽ በላይ አይሰጠውም፣ የቀረውን ለማሽኑ ተዉለት አለ፣ ይኸው ስንቀንስበት ፈጠነ።

ቢጫውን ስጠይቀው ደሞ እንዲህ አለኝ፦ "የቤትዎን ትርፍ ቁልፍ እዛው ቤት ውስጥ ቆልፈውበት ይወጣሉ?" አልወጣም አልኩት። "እሱም አይወጣም። የፋይላችሁን ቅጂ ሌላ ማሽን ላይ ካልሆነ አላስቀምጥም ይላል፣ ሌላ ማሽን ስለሌላችሁ እየጠበቀ ነው ቢጫ የሆነው፣ አልታመመም፣ ዕቃ አይግዙ።" ቅጂ አትጠብቅ አለው፣ አረንጓዴ ሆነ። ያ ሁሉ ፕሮፎርማ ለዚህ ነበር! ደግሞ ሳይደብቅ "አረንጓዴ ሆነ ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ይሄ ማሽን ቢቃጠል ሌላ ቦታ የለም" ብሎ በየማታው ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ባክአፕ እንዲገባ አደረገ፣ ጸሐፊያችንንም እንዴት እንደሚመለስ እስክትችለው ድረስ አሰራት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ይሄን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው። ሥራው አልቋል ብዬ ሻይ እያስመጣሁ እያለ ራውተሩን ሲያይ ቆየና ፊቱ ተለዋወጠ። ስልኩን አወጣ፣ የኛን ዋይፋይ አጠፋ፣ በራሱ ዳታ አንድ አድራሻ ጻፈ፣ መጨረሻው ላይ 9200 የሚል ነበረው። የቢሯችን ፋይሎች መጠሪያ ዝርዝር ስልኩ ላይ መጣ። ያለ ምንም ፓስወርድ። ለካ ከፊተኞቹ አንዱ "ከቤት ሆናችሁ ትጠቀማላችሁ" ብሎ ለዓለም ሁሉ ከፍቶት ሄዷል! እኛ ጋ ያለው እኮ የሰው ፍቺ ነው፣ የሰው ውርስ ነው፣ የሰው ገመና ነው። ጉልበቴ ከዳኝ፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ልጁ ዝርዝሩን ብቻ አሳየኝና ስልኩን በግንባሩ ጠረጴዛው ላይ ደፋው። "ከዚህ በላይ አልከፍተውም እትዬ፣ የሰው ሚስጥር ነው፣ እኔም ማየት የለብኝም" አለ።

በፈረንጆቹ 2017 መጀመሪያ ላይ እንዲህ ተከፍተው የተገኙ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮችን ባዶ አድርገው ቢትኮይን ክፈሉ ብለው እንደነበር የነገረኝ ከዘጋው በኋላ ነው፣ በፊት ቢነግረኝ ራሴን እስት ነበር። የኛ የተጫነው የድሮው ቨርዥን ሆኖ ነው እንጂ ከ8 ወዲህ ያለው ሲጫን ራሱ ፓስወርድ ያበጃል አለ። ወዲያው ዘጋው፣ ከዛ ሌላ ሰው ገብቶ እንደሆነ ሲያጣራ መሸ፣ በቃ ነገ ትመለሳለህ ብለው እምቢ አለ፣ እራት ራሱ በግድ ነው የበላው። ፓስወርድ ማውጣት ላይ ስንደርስ ኪቦርዱን ወደኔ ገፋና ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። "ይጻፉ፣ እኔ ማወቅ የለብኝም።" ስንት ዓመት በጥብቅና ስኖር የሙያ ሚስጥር ሲሰበክ ሰምቻለሁ፣ ሲሰራ ያየሁት ግን ያን ቀን ከአንድ የኮምፒውተር ልጅ ነው። ያሳደገችህ እናት ትባረክ!

ሌላም አለ፣ ባጭሩ ልበለው። እኛ ሠራተኛ የሚለውን በእሳቱ ሰ ስንፈልግ አንድ ውጤት፣ በንጉሡ ሠ ስንፈልግ ሌላ ውጤት ነበር የሚመጣው፣ ነጋሪቱ እንዲህ ይጽፋል፣ ዳኛው እንዲያ ይጽፋል፣ ግማሹ ውሳኔ ሲያመልጠን ኖሯል ማለት ነው። ልጁ ሰንና ሠን፣ ሀንና ሐን፣ ጸንና ፀን አንድ አድርገህ ቁጠር ብሎ ፋይሉን ሁሉ ሌሊቱን እንደ አዲስ አስነበበው፣ አሁን በየትኛውም ብንጽፍ ሁሉም ይመጣል። በድሮ ፎንት፣ በፓወር ግዕዝ የተጻፉትን ግን "እነዚህ መጀመሪያ ካልተቀየሩ አይገኙም፣ ዛሬ ጨረስኩ ብል እዋሻለሁ" አለኝ። አልችልም ማለት የሚችል ባለሙያ ስንት ዓመታችን ካየን?

ሂሳቡን ስጠይቀው ያለኝ ቁጥር ለሪስታርት ብቻ ስንከፍል ከነበረው ብዙም አይበልጥም። ልጨምርልህ ብለው "ተስማምተናል አይደል" ብሎ ሳቀ። ከዛ ወዲህ መብራቱ እንደልማዱ ይሄዳል ይመጣል፣ ሰርቨሩ ግን ራሱ ይነሳል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ቢሮ ያላችሁ፣ ክሊኒክ ያላችሁ፣ ሱቅ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይሄን ልጅ አሰሩት። ተጨማሪ ዕቃ ግዙ ከተባላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ጠይቁት። አሁንም እደግመዋለሁ፣ እሱን ጠይቁት። ከአዲስ አበባ ውጪ ላላችሁም በርቀት ይሰራል። ቁጥሩን በኢንቦክስ እሰጣለሁ፣ እሁድ ግን አትደውሉለት፣ አያነሳም። ስትጽፉለት "ሰርቨሬ ተበላሸ" ብቻ አትበሉት፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።