ዳይስ ወይስ የቡና ፍሬ፦ እንስሳ ሆኖ ለመጓዝ ሁለት ጨዋታዎች

በጅማ ክረምት፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲል፣ ረከቦቱን ከብበን ታሪኩን ራሳችን እየተረክን የምንጫወታቸው ሁለት ጨዋታዎች አሉ፤ በሁለቱም ተጫዋቹ እንስሳ ሆኖ ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ማውስ ጋርድ ታሪኩን የሚያስኬድ የጨዋታ መሪ ይፈልጋል፤ ተጫዋቾቹ ጠባቂ አይጦች ሆነው ተልእኮ ይሰጣቸዋል፣ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይጣላል፣ 4 እና ከዚያ በላይ ያሳየው ሁሉ እንደ ስኬት ይቆጠራል፤ ያልተሳካለት ሊደክም፣ ሊራብ ወይም ሊታመም ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዋንደርሆም ግን ዳይስ የለውም፤ መሪም ግዴታ አይደለም። ተጫዋቹ ቆም ብሎ የአካባቢውን ግርማ ሲያደንቅ ወይም የሚወደውን ነገር ለሌላ ሲሰጥ ጠጠር ያገኛል (እኛ በጠጠር ፈንታ ያልተቆላ ቡና እንጠቀማለን፤ በጅማ ከዚህ የሚቀርብ የለም)፤ ያገኘውንም የሌላውን ሕመም ለጊዜው ለማስታገስ ወይም ከአደጋ ለመጠበቅ ይከፍላል። የጨዋታው ገርነት ጎልቶ የሚታየው ተጫዋች ሊመርጣቸው ከሚችላቸው ገጸ ባሕርያት አንዱ በሆነው በቀድሞው ወታደር ላይ ነው፤ ሰይፉን መዝዞ ፊቱ የቆመውን መግደል ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ግን ያ ገጸ ባሕርይ ከጨዋታው ለዘለዓለም ይወጣል።

ሥጋትና ትግል ለሚወድ ማውስ ጋርድ ይሻላል፤ እኔ ግን ደንቡ ከአቦል እስከ ቶና ባለው ጊዜ ስለሚለመድ ዋንደርሆምን እመርጣለሁ።