የዱባዩ 737 ሲሙሌተር፦ ከበረራው ይልቅ መሬት ላይ ያለው ሰዓት

ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ በደንብ ልጻፈው። ባለፈው ወር ከጓደኛዬ ጋር እዚሁ ዱባይ የቦይንግ 737-800 ሲሙሌተር (መሬት ላይ ሆኖ በረራ መለማመጃ ኮክፒት) አንድ ሰዓት ይዘን ሄደን ነበር፣ ዋጋው ከ700 ድርሃም ያልፋል ለሁለት ተካፈልነው። የቤቱን ስም እዚህ አልጽፍም ምክንያቱም ቅሬታም አለኝ፣ የፈለገ በውስጥ ያናግረኝ።

መጀመሪያ ስራዬን ልንገራችሁ። ኤርፖርት ራምፕ ላይ፣ ማለት አውሮፕላን ቆሞ የሚጫንበት ሜዳ ላይ ነው የምሰራው፣ እኛ ሻንጣና ካርጎ እንጭናለን ሁሉም ተደምሮ ሎድሺት፣ የክብደት ወረቀት ማለት ነው፣ ይሆንና ኮክፒት ይገባል በር ይዘጋል እኛ ወደሚቀጥለው አውሮፕላን እንሮጣለን። ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ወረቀት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚደረግበት አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ ሰዓት የሁለት መንገደኛ ሻንጣ ወርዶ ፓይለቶቹ "ቁጥሩን እንደገና እናስገባ" ብለው ሲያቆዩን እኛ ታች ፀሐይ ላይ ቆመን እንበሳጫለን። አሁን አልበሳጭም፣ ለምን እንደሆነ ደግሞ ይሄን ሲሙሌተር ሳልጠቅስ መናገር አልችልም።

የሚያስተምሩት በጡረታ የወጡ ካፒቴን ናቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው። ከየት መነሳት ትፈልጋላችሁ ሲሉን ሁለታችንም በአንድ አፍ ቦሌ አልን። ካፒቴኑ ፈገግ ብለው ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ጉልበት ያጣል ክንፉም ለመነሳት ብዙ ፍጥነት ይፈልጋል፣ እዛ ላይ በክብደት መሳሳት ሌላ ቦታ ከመሳሳት ይብሳል አሉን። ከዛ ሎድሺት ሰጡኝና "በል አስገባ" አሉኝ።

ቁጥሩ የሚገባበት የአውሮፕላኑ ኮምፒውተር ኤፍ ኤም ሲ ይባላል፣ በሁለቱ ወንበሮች መሀል ትንሽ ስክሪንና ቁልፎች ያሉት ነገር ነው። የምትጽፉት ቁጥር መጀመሪያ ከታች መስመር ላይ ይወጣል፣ ከዛ በጎን ያለውን ቁልፍ ስትጫኑ የፈለጋችሁት ቦታ ላይ ይቀመጣል። ሎድሺቱ ላይ ዜሮ ፊውል ዌይት፣ ማለት አውሮፕላኑ ከነሰው ከነሻንጣው ግን ያለ ነዳጅ፣ 54.6 ቶን ይላል፣ ነዳጅ 12 ቶን፣ ድምሩ 66.6። እኔ 54.6 ጻፍኩና ከላይ ያለውን ቁልፍ ተጫንኩ። ከላይ ያለው ግን የጠቅላላው ክብደት ቦታ ነው፣ ዜሮ ፊውሉ ሁለት መስመር ዝቅ ይላል። ኮምፒውተሩ ምንም አላለም፣ ተቀብሎ የመነሻ ፍጥነቶቹን አወጣልኝ። ጓደኛዬ ቪዲዮ እየቀረፀ ነበር፣ ካፒቴኑም አይተው ዝም አሉ።

ተነሳን። "ሮቴት"፣ ማለት አፍንጫውን አንሳ፣ ሲባል መሪውን ሳብኩት፣ አፍንጫው ቀና አለ አውሮፕላኑ ግን ከመሬት አልለቅ አለ፣ እኔ ደንግጬ ይበልጥ ሳብኩት፣ ከኋላ ጓ የሚል ድምፅ መጣ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ የራንዌዩ መጨረሻ ቀይ መብራቶች ወደኛ እየመጡ ነው። ካፒቴኑ ስክሪኑን አቆሙት። 737-800 ረጅም ስለሆነ መሬት ላይ እያለ አፍንጫው 11 ዲግሪ ገደማ ከቀና ጭራው ይነካል አሉን።

ከዛ ወደ ገጹ ተመልሰው ጣታቸውን ዜሮ ፊውሉ ቦታ ላይ ያለው ቁጥር ላይ አደረጉ፣ 42.6። "ስንት ሰው ጭነናል?" አሉኝ፣ 145 አልኳቸው። "ኮምፒውተሩስ ስንት ሰው የተጫነ ይመስለዋል?" ያኔ ነው ወገቤን ያለኝ። ይሄን አውሮፕላን በየቀኑ ነው የምጭነው፣ 42 ቶን ማለት ባዶ 737 ማለት ነው በቃ፣ ሰውም የለ ሻንጣም የለ። ኮምፒውተሩ እኔ ከሰጠሁት ላይ ነዳጁን ቀንሶ መልሱን ፊቴ አስቀምጦልኛል እኔ ግን አላየሁትም። ፍጥነቱንም ለቀላል አውሮፕላን የሚሆን ዝቅተኛ ነው የሰጠኝ፣ ለዛ ነው ከመሬት አልለቅ ያለው። አብዛኛው የመንገደኛ አውሮፕላን እግሩ ስር ሚዛን የለውም፣ ክብደቱን የሚያውቀው ሰው ሲነግረው ነው።

ይሄ ተማሪ ላይ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። ካፒቴኑ የነገሩን ታሪክ እዚህ ከተማ ላለን ሰዎች ቅርብ ነው፣ መጋቢት 2009 በፈረንጅ ከሜልበርን ወደ ዱባይ ሊመጣ የነበረው የኤሚሬትስ ኤ340-500። ክብደቱ 362.9 ቶን ተብሎ መግባት ሲገባው ፓይለቶቹ የመነሻውን ሂሳብ የሚሰሩበት ላፕቶፕ ላይ 262.9 ተብሎ ገባ፣ አንድ ዲጂት፣ መቶ ቶን። ስህተቱ ማረጋገጫዎቹን ሁሉ አልፎ ወጣ፣ ጭራው ራንዌዩን መታ፣ የበረራው ካፒቴን ሙሉ ጉልበት ሰጥቶት ነው ራንዌዩ ካለቀ በኋላ በመከራ የተነሳው፣ መጨረሻ ላይ ያለውን መብራትና አንቴና ሁሉ ነክቶ ሄዷል። 275 ሰው ነበረበት፣ ተመልሶ አረፈ ማንም አልተጎዳም እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ይሄን ስሰማ ያሰብኩት ታች ሆነው የጫኑትን ልጆች ነው፣ እነሱ ልክ ሰርተው ነበር'ኮ።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ ቪዲዮው ቀረ። ጓደኛዬ ወረቀቱን ያነባል እኔ ስክሪኑን አነባለሁ፣ ከዛ እንቀያየራለን፣ ከዛ ፍጥነቱን ለብቻው ከሚያሰላ ታብሌት የወጣውን ከኤፍ ኤም ሲው ጋር እናስተያያለን። የመነሻ ፍጥነቱ ከመጀመሪያው ከ10 ኖት በላይ ከፍ ብሎ መጣ። የሙቀቱ ገጽ ላይ ስንደርስም አስቆሙን፣ በ2017 ቤልፋስት ላይ ልክ እንደዚህ ያለ 737-800 የውጭ ሙቀት 16 መሆን ሲገባው ከዜሮ በታች 52 ተብሎ ገብቶበት የሞተሮቹ ፋን በ92.7 በመቶ ፍጥነት መዞር ሲገባው በ81.5 ብቻ ዞሮ አውሮፕላኑ ከራንዌዩ ማዶ ያለ አጭር መብራት ገጭቶ ነው የሄደው። ካፒቴኑ "ቁጥሩ ልክ ነው ወይ ብቻ ሳይሆን ዛሬ ውጪው እንደዚህ ይበርዳል ወይ ብለህ ጠይቅ" አሉኝ፣ ይሄ አነጋገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

በዚህኛው ጊዜ አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ እንጦጦን በጎን አየነው።

ቅሬታዬ፣ አንደኛ ዳታቤዙ ጊዜው ያለፈበት ነበር። እውነተኛው አውሮፕላን ላይ የመንገዱ ዳታ በየ28 ቀኑ ይታደሳል፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑን ማየት ደግሞ የፓይለቱ ስራ ነው፣ ይሄን ካፒቴኑ ራሳቸው ናቸው ያሳዩን፣ ታዲያ ይሄን የሚያስተምር ቤት ማደስ ነበረበት። ሁለተኛ ቡኪንግ ላይ "60 ደቂቃ በረራ" ይላል፣ እኛ 35 ደቂቃ ያህል መሬት ላይ ነበርን። እኔ ወድጄዋለሁ፣ ልጁን ይዞ አየር ላይ ለመዝናናት የሚሄድ ግን ሊከፋው ይችላል፣ ስልክ ላይ ሊነግሩን ይገባ ነበር። ኤሲውም በጣም ይበርዳል፣ ጃኬት ያዙ።

ከአምስት አራት ኮከብ፣ ካፒቴኑ ብቻቸውን አምስት። ስትደውሉ ጡረታ የወጡት ካፒቴን ያሉበትን ቀን ጠይቁ፣ ሎድሺት ይዘን እንጀምር ብላችሁ ንገሯቸው ደስ ይላቸዋል። ራምፕ ላይ የምትሰሩ ልጆች ካላችሁ አራት አምስት ሆነን በድጋሚ ልንሄድ አስበናል፣ ጻፉልኝ።