«ውሃ አይፈራም» ተብሎ የሚሸጠውን የወርቅ ማሽን እንዳትገዙ

ወገን፣ ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው የምጽፈው። ባሕር ዳር ብረት መፈለጊያ ማሽን ለመግዛት የምትዞሩ፣ በተለይ ጣና ዳርና ዓባይ መውጫው ላይ ውሃ ውስጥ የምትገቡ፣ «ዋተርፕሩፍ» የሚል ስቲከር አይታችሁ ብር እንዳትቆጥሩ። 75 ሺህ ብር ተበልቻለሁ።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ከፊት ሞባይል ይደረደራል፣ ማሽኑ ከጓዳ ጨርቅ ለብሶ ይወጣል፣ «ለአንተ ስለሆነ ነው» ይባላል፣ ደረሰኝ ሲጠየቅ ይሳቃል።

የሸወደኝ በሳፋ ነው። ሳፋውን ግማሽ ድረስ ውሃ ሞላ፣ ከኔው የተቀበለውን የአንድ ብር ሳንቲም ጣለበት፣ ኮይሉን፣ ያንን ክቡን ሳህን፣ ነከረው። ማሽኑ ጮኸ። «በል እስከ ደረትህ ይዘኸው ግባ!» አለኝ። ኮይልማ አብዛኛው ማሽን ላይ ታሽጎ ነው የሚመጣው፣ ውሃ አይፈራም። የሚሞተው እጀታው ጋ ያለው ሳጥን ነው፤ ቦርዱም፣ ስክሪኑም፣ የቻርጀሩ ቀዳዳም እዚያ ነው ያለው። እሱን ጫፉን እንኳ አላስነካውም። ይህን እያወቅኩ ዓይኔን ሳፋው ላይ ተክዬ ቀረሁ። ጅል!

ወገብ በሚደርስ ውሃ ለመቆፈር ጎንበስ ሲባል ሳጥኑ መነከሩ አይቀርም። መጀመሪያ ስክሪኑ ጭጋግ ለበሰ፣ ቀጥሎ ብረት በሌለበት መጮህ ጀመረ፣ ከዚያ ጸጥ። ስቲከሩን ብልጠው ከሥሩ የፋብሪካው ጽሑፍ ወጣ፦ አይፒ 54፣ አቧራና ውሃ የመቋቋም ደረጃው ማለት ነው። የመጨረሻዋ 4 ፍንጣቂ ይችላል ማለት ናት፤ መጥለቅ አይደለም። 7 ቢሆን እስከ 1 ሜትር ለ30 ደቂቃ ነው፣ 8 ቢሆን ፋብሪካው በጻፈው ጥልቀትና ጊዜ ልክ። የባትሪው ክዳን ላይ ኦሪንግ፣ ያ ውሃ እንዳይገባ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት፣ የሚባል የለም፤ ስፖንጅ ለጥፈውበታል።

መልሼ ስወስደው ልጁ ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። «ጋሼ፣ ውሃ ገብቶበታል። ውሃ የገባበት ጋራንቲ የለውም።» ውሃ ውስጥ ይገባል ብላችሁ አይደል እንዴ የሸጣችሁልኝ! ጭራሽ «ፀሐይ ላይ ያስጡትና ቻርጅ ያድርጉት» አለኝ። ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ውሃ የገባበት ሊቲየም ባትሪ ውስጡ ሾርት አድርጎ ቻርጅ ላይ እያለ ሊቀጣጠል ይችላል። ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ ቢሰካስ?

«ስጦታ» ያሉት የክንድ ማሰሪያም ባለ ዘለበት ነው። ዓባይ መውጫው ላይ ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ጨረጨራ፣ የጣናን ውሃ የሚቆጣጠረው ግድብ፣ ላይ በር ሲከፈት ደግሞ ሰማዩ ጠርቶም ውሃው ይጨምራል። እግር በከዳ ሰዓት በዘለበት የታሰረ ማሽን ክንድ ይዞ ይቀራል። በሌላው እጅ አንዴ ሲሳብ የማይላቀቅ ከሆነ ባይታሰር ይሻላል። ብሉቱዝ ኤርፎኑም ሌላ ቀልድ ነው፤ ሲግናሉ ውሃ ውስጥ ወዲያው ይጠፋል። ደግሞ ሁለት ጆሮ ደፍኖ ጉማሬ ካለበት ውሃ መግባት ምን የሚሉት ነው?

እና ስቲከሩን አስነሥታችሁ ቁጥሩን አንብቡ። ሳጥኑን ራሱን ይንከርላችሁ፤ እምቢ ካለ ውጡ። ደህና ማሽን ያላችሁም ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ኦሪንጉን ጥረጉና የሲሊኮን ግራሶ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ ከሥሩ የቀረች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ውሃ ታስገባለች። ብቻችሁን አትግቡ፣ ነጎድጓድ ሲሰማ ቶሎ ውጡ። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ ስላለ በባዶ እግሩ ሲገባ የከረመ ሰገራውን ይመርመር።

«ገዳማቱ ዳር ሞክር፣ የድሮ ብር አለ» የሚላችሁንም አትስሙት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ መፈለግ ክልክል ነው፤ ስትያዙ እሱ አብሯችሁ ጣቢያ አይሄድም።