ከትምህርት ቤት ሜዳ እስከ ተስፋ ቡድን፦ በጅማ የአንድ የታዳጊዎች እግር ኳስ ሥልጠና ግምገማ

ልጄ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ላለፉት ሁለት ዓመታት ስለሚከታተለው የታዳጊዎች እግር ኳስ ሥልጠና ወላጆች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ያየሁትን በጽሑፍ ማስቀመጥ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከምስጋናዬ ጋር ወቀሳም ስላለኝ የሥልጠናውን ስም አልጠቅስም፤ ይሁን እንጂ በከተማችን ልጁን እንዲህ ላለ ሥልጠና የሰጠ ወይም ሊሰጥ ያሰበ ወላጅ ሁሉ በሠፈሩ ያለውን ሊመዝንበት ይችላል ብዬ አምናለሁ። መለኪያዬ አንድ ነው። ሥልጠናው ልጁን ከትምህርት ቤት ሜዳ ወጣት ተጫዋቾች ወደሚያድጉበት የክለብ ተስፋ ቡድን፣ ከዚያም ወደ ዋናው ቡድን የሚወስደውን መንገድ በእውነት ያውቀዋል ወይ?

ጥያቄው በጅማ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ክፍያ በልጦ ዋንጫውን ሲያነሣ ልጄ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ ሲካሄዱ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም አንዱ አስተናጋጅ ስለነበር፣ እርሱና ጓደኞቹ የክለቦቹ አውቶቡሶች ሲያልፉ ለማየት መንገድ ዳር ይቆሙ ነበር። እነዚህን ዓመታት ያየ ልጅ እግር ኳስን እንደ መዝናኛ ብቻ እንዲያየው መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህም ሕልሙን ተቀብሎ የሚያሠለጥነው ሰው የሚሸከመው ኃላፊነት ከባድ ነው።

ሥልጠናው ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ፣ ቅዳሜ ደግሞ ማለዳ ላይ ይሰጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለማየት የሄድኩ ዕለት የማረከኝ ነገር የኳስ ጥበብ አልነበረም። አሠልጣኙ ፊሽካውን ነፍቶ ልጆቹን ከሰበሰበ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ኳስ እንዲነኩ አልፈቀደላቸውም ነበር። ሩጫ፣ በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅ፣ የጭንና የሆድ ጡንቻን የሚያጠነክሩ እንቅስቃሴዎች፣ ዘልሎ በትክክል ማረፍ እየተከታተሉ ተሠሩ። ይህ ፊፋ ጉዳትን ለመቀነስ ያዘጋጀው "11 ፕላስ" የተባለው የማሟሟቂያ መርሐ ግብር መሆኑን በኋላ ተረዳሁ። በየሜዳው ልጆች ገና ታኬታቸውን እንዳሠሩ ወደ ግብ መምታት ሲጀምሩ ለምናይ ሰዎች ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

የኳሱም ትምህርት ቢሆን በጥንቃቄ የታሰበ ነው። ልጄ የግራ መስመር ተከላካይ ሲሆን፣ ሥልጠናውን ሲጀምር ኳስ ወደ እርሱ ስትመጣ ዐይኑን በኳሷ ላይ ብቻ ተክሎ ይጠብቅ ስለነበር፣ ከተቀበለ በኋላ ፊቱን ወደ ራሱ ግብ አዙሮ ለበረኛው መመለስ እንጂ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። አሠልጣኙ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ አስተማረው፤ ኳሷ ገና በመንገድ ላይ ሳለች በትከሻው አሻግሮ እንዲያይ፣ ሰውነቱን ወደ ሜዳው ከፍቶ እንዲቆምና በሩቁ እግሩ እንዲቀበል። እኔ ከዳር ቆሜ ሳይ ለውጡ ዘግይቶ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ከመጣ በኋላ ልጁ ሌላ ተጫዋች ሆነ። ለትንንሾቹ ቁጥር 4፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ለሞላቸው ቁጥር 5 ኳስ መለየቱም፣ እያንዳንዱ ልጅ በቂ ጊዜ ኳስ እንዲነካ በትንንሽ ቡድኖች መከፋፈሉም በቁም ነገር የሚሠራ ሰው ምልክት ነው።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን ከሜዳ ውጪ ያለውን አሠራር ነው። ልጁን ሳስመዘግብ የልደት ምስክር ወረቀቱን ዋናውን ከኮፒው ጋር አመሳክረው ተቀበሉኝ፤ በየሴሚስተሩ መጨረሻም የውጤት ካርድ እንድናቀርብ ይጠይቃሉ። ከዚህ በፊት በሌላ ሜዳ የሚያሠለጥን አንድ ሰው "ሁለት ዓመት ቀንሱለት፣ ከ17 ዓመት በታች ሲጫወት ጎልቶ ይታያል" ብሎ መክሮኝ ስለነበር ልዩነቱን በሚገባ አውቀዋለሁ። ያ ምክር ሐሰት ከመሆኑም በላይ ለልጁ ወጥመድ ነው። ፊፋ ከ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ዕድሜያቸውን ለማረጋገጥ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ ኤምአርአይ በተባለው የሕክምና ምስል ማንሻ ያስመረምራል። ከምርመራው ባይደረስ እንኳ፣ በውሸት ዕድሜ ከታናናሾቹ ጋር የሚጫወት ልጅ በጉልበቱ ብቻ እያሸነፈ ማሰብ ሳይማር ያድጋል፤ ጉልበት እኩል ሲሆን ደግሞ የሚተማመንበት ነገር አይኖረውም። የውጤት ካርዱም ቢሆን ለይስሙላ የሚሰበሰብ አይደለም። ባለፈው ዓመት ልጄ በሒሳብ ሲወድቅ አሠልጣኙ ራሱ ጠርቶኝ "አባባ፣ የሐሙሱን ልምምድ ለአንድ ወር ያቁምና ያጥና" አለኝ። ልጁ አለቀሰ፤ እኔም ለጊዜው ቅር አለኝ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለውን ጥብቅነት ሳስብ ግን ውሳኔው ትክክል እንደነበር አልጠራጠርም። ወደ ክለብ ከሚሞክሩት ብዙ ልጆች ጥቂቶች ብቻ ናቸውና የሚያልፉት፣ ሥልጠና ለቀሩትም ማሰብ አለበት።

አሁን ወደ ወቀሳዬ ልምጣ። ሥልጠናው ወጌሻ የለውም። ባለፈው ክረምት መግቢያ፣ ዝናብ ሜዳውን ቀይ ጭቃ አድርጎት ሳለ፣ ልጄ ተንሸራትቶ የቁርጭምጭሚት ወለምታ ደረሰበት። በቦታው በረዶ አልነበረም፤ ፋሻም አልነበረም። አንድ የሌላ ልጅ አባት በባጃጁ ወደ ጤና ጣቢያ እስኪያደርስልን ድረስ እግሩ አብጦ ነበር። አሠልጣኙ ማታ ቤታችን ድረስ መጥቶ ጠይቆናል፤ ደግነቱን አልረሳም፤ ነገር ግን ደግነት የፋሻን ቦታ አይተካም። በወር ከእያንዳንዱ ወላጅ 800 ብር የሚሰበስብ ሥልጠና ሙሉ ጊዜ ወጌሻ መቅጠር ባይችል እንኳ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን መያዝና ከረዳቶቹ አንዱን ስለ አጠቃቀሙ ማሠልጠን አያቅተውም። ጅማ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ ናትና፣ ሜዳው በማይረገጥባቸው ቀናት ምን እንደሚሠራም አስቀድሞ መታሰብ ነበረበት። እስካሁን በዝናብ ቀን ልጆቹ በቀጥታ ወደ ቤት ይመለሳሉ።

ስለ ክፍያው ካነሣሁ አይቀር፣ ኑሯቸው በቡና ላይ የተመሠረተ ወላጆች የክረምቱን ወራት ሒሳብ ቡናው ተለቅሞ እስኪሸጥ ድረስ እንዲያቆዩት ይፈቀድላቸዋል። ይህን ያደረገ ሰው የአካባቢውን ኑሮ የሚያውቅ ነው፤ በዚህ ከልብ አመሰግነዋለሁ።

ሁለተኛው ጉድለት ከወጌሻው ይልቅ ያሳስበኛል፤ መንገዱ በወረቀት ላይ አልሰፈረም። አሠልጣኙ የክለብ ሰዎችን ያውቃል፤ ልጆችን ወደ ሙከራ ይልካል። ነገር ግን ማን፣ መቼ፣ በምን መመዘኛ እንደሚላክ ወላጅ አያውቅም። ልጁ ቢመረጥ ደግሞ ውሉን ማን ያያል? ብዙ ወላጆች የማያውቁት ነገር በመሆኑ እዚህ ላይ ማስቀመጥ እወዳለሁ። በፊፋ ደንብ መሠረት ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከሦስት ዓመት የሚበልጥ የፕሮፌሽናል ውል መፈረም አይችልም፤ ከአገር ወደ አገር መዘዋወርም ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር የሚፈቀደው 18 ዓመት ሲሞላ ነው። ስለዚህ የ15 ዓመት ልጅን "ውጭ አገር ሙከራ አለው" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ቢመጣ፣ ወላጅ በሩን ሊዘጋበት ይገባል። በአገሮች መካከል በሚደረግ ዝውውር ከሚከፈለው ገንዘብ 5 በመቶው፣ ተጫዋቹን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች የሚከፋፈል መሆኑም መታወቅ አለበት። ይህ ድርሻ የሚገኘው ልጁ የት የት እንደሠለጠነ በፌዴሬሽን መዝገብ ላይ ሲገኝ ነው። እኛ ያለንበት ሥልጠና የልጆቹን የልደት ወረቀት በጥንቃቄ ይዞ፣ ልጆቹን ግን በፌዴሬሽን አለማስመዝገቡ የጀመረውን መልካም ሥራ በግማሽ መተው ነው። ይህን ለአሠልጣኙ በአካል ነግሬዋለሁ፤ በጥሞና አዳምጦኝ ለመጪው ዓመት እንደሚያስብበት ነግሮኛል።

ሴቶች ልጆች ቅዳሜ ብቻ እንዲመጡ መደረጉም መስተካከል አለበት። የሚመጡት ስድስት ልጃገረዶች ከወንዶቹ ያላነሰ ትጋት አላቸው።

ልጄ ዘንድሮ በአንድ ክለብ ተስፋ ቡድን ውስጥ የሦስት ቀን ሙከራ አድርጎ ነበር። አልተመረጠም፤ ነገር ግን አሠልጣኞቹ ኳስ አቀባበሉን አመስግነው፣ ሩጫውን አጠንክሮ በመጪው ዓመት እንዲመለስ ነግረውታል። ከሙከራው በተመለሰ ማግሥት ማክሰኞ ስለነበር፣ እንደ ወትሮው ታኬታውን በፌስታል ይዞ ወደ ልምምድ ሄደ፤ አሠልጣኙም ስለ ውጤቱ አንድም ቃል ሳይጠይቀው ከሌሎቹ ልጆች ጋር ማሟሟቅ አስጀመረው። የቀጣዩን ሦስት ወር ክፍያ ከፍያለሁ። ዕድሜው ከ10 እስከ 16 ዓመት የሆነ ልጅ ላላቸው ወላጆች፣ የመጀመሪያ ርዳታውን ጉዳይና የምዝገባውን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ራሳቸው እንዲያነሡ እያሳሰብኩ፣ ሥልጠናውን እንዲሞክሩት እመክራለሁ።