ፓይለት ለመሆን ከባሕር ዳር የሚነሱ አራት መንገዶች፦ የቱ ለማን ያዋጣል?

ባሕር ዳር ላይ ፓይለት መሆን የሚፈልግ ወጣትም ሆነ ልጁን ሊያስተምር ያሰበ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ብር ይፈጃል?» ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን ሦስተኛ ነው። ከሱ በፊት ሁለት ነገር መጣራት አለበት። አንዱ፣ ጤናችሁ የበረራ ሕክምናውን ማለፉ ነው። ሌላው፣ ፈቃዱን በያዛችሁ ማግስት ማን ሥራ እንደሚሰጣችሁ ነው። ብዙ ገንዘብ ውሃ የሚበላው እነዚህ ሳይጣሩ ክፍያ ሲጀመር ነው።

የማነጻጽረው አራት መንገድ ነው፦ አየር መንገድ ስፖንሰር ሲያደርግ፣ አገር ውስጥ በራስ ገንዘብ ሲማሩ፣ ኬንያ ወይም ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ፣ አሜሪካ ሲሄዱ። አውሮፓን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። የንድፈ ሐሳብ ፈተናው 13 ነው፤ ክፍያውም በዩሮ። እዚያ የመኖርና የመሥራት ፈቃድ ለሌለው ሰው ትርፉ አይታየኝም። አየር ኃይልም የራሱ ሕይወት ስለሆነ ከሲቪሉ ጋር አላወዳድረውም።

የትም ብትማሩ የማይቀሩ ነገሮች

ሕጉ የሚነሳው ከዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ከኢካኦ ነው። ለንግድ አብራሪ ፈቃድ፣ ማለትም ሲፒኤል ለሚባለው፣ ዕድሜ 18 መሙላትና 200 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። ትምህርቱ በአገሩ ሲቪል አቪዬሽን ባለስልጣን በጸደቀ ኮርስ ከተሰጠ 150 ሰዓት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ተማሪው ራሱ የአውሮፕላኑ ኃላፊ ሆኖ የሚበርበት 100 ሰዓት አለ፤ በጸደቀ ኮርስ 70 ነው። ቢያንስ 540 ኪሎ ሜትር የሚሸፍንና ሁለት የተለያዩ ማረፊያዎች ላይ የሚታረፍበት ጉዞም አለ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአየር 320 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ካሰባችሁ ርቀቱ ይገባችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሲፒኤል ብቻውን የአየር መንገድ ወንበር ላይ አያስቀምጥም። በደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር ኢንስትሩመንት ሬቲንግ የሚባል ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ለማብረር ደግሞ መልቲ ኢንጂን ሬቲንግ። ትምህርት ቤት የሚልክላችሁ ዋጋ በጣም ርካሽ ከመሰላችሁ፣ ብዙውን ጊዜ እነዚህ ሁለቱ አልተካተቱም። ሁለት ትምህርት ቤት ስታወዳድሩ ሦስቱም ያሉበትን ዋጋ ከሦስቱም ያሉበት ዋጋ ጋር አስተያዩ።

ሕክምናው፦ ከሁሉም በፊት

የንግድ አብራሪ የሚጠየቀው የአንደኛ ደረጃ ሕክምና ማረጋገጫ ነው፤ ክላስ ዋን ይሉታል። የግል አብራሪ ሁለተኛው ደረጃ ይበቃዋል። አንዳንድ ትምህርት ቤት መጀመሪያ በሁለተኛው ደረጃ ያስጀምራችኋል። እሺ አትበሉ። ለማቆም ከሆነ ገንዘቡ ሳይወጣ ነው።

«መነጽር ያደረገ ፓይለት አይሆንም» የሚባለው ወሬ ትክክል አይደለም። የኢካኦ መለኪያ እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው 6/9 (ጤነኛ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር ማየት)፣ ሁለቱ አንድ ላይ 6/6 እንዲያዩ ይጠይቃል፤ በመነጽርም ሆነ ያለ መነጽር። ባለ መነጽር አብራሪ ሲበር ትርፍ መነጽር አጠገቡ መያዝ አለበት፤ በቃ። ቀጣሪው አየር መንገድ ግን የራሱን ጠንከር ያለ መስፈርት ሊያወጣ ይችላል። የሥራ ማስታወቂያውን ለይታችሁ አንብቡ።

ሰው ሳያስበው የሚወድቀው በቀለም ልየታ ነው። በነጠብጣብ የተሠሩት የኢሺሃራ ሥዕሎች ላይ ቁጥሩን ማንበብ ያቃተው፣ በተጨማሪ ምርመራም ቀለም መለየቱን ካላሳየ አንደኛ ደረጃውን አያገኝም። ችግሩ አብሮ የሚወለድ ነው፤ ወንዶች ላይ ይበዛል፤ ባለቤቱም ዕድሜውን ሙሉ ላያውቀው ይችላል። ይሄን ምርመራ እዚሁ ባሕር ዳር የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀድማችሁ ማየት ትችላላችሁ። በአማራ ክልል ትራኮማ በስፋት የታየ በሽታ ስለሆነ፣ በልጅነቱ ዓይኑን ታሞ የነበረ ሰው የዓይኑ ብሌን ላይ ጠባሳ እንዳልቀረ በዚያው ይጠይቅ።

ከዓይን ሌላ የመስማት ምርመራ፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ የደም ግፊት፣ የሽንትና የአእምሮ ጤና ጥያቄዎች አሉ። የሚጥል በሽታ ታሪክ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። የባሕር ዳር ነገር ነውና ስለ ጫትም ልናገር። ጫት አገራችን ውስጥ አይከለከልም። በውስጡ ያለው ካቲኖን ግን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ በአእምሮ ላይ የሚሠራ ንጥረ ነገር ተጠቅሞ ማብረር ደግሞ በኢካኦ ሕግ ክልክል ነው። ማታ በርጫ፣ ጠዋት በረራ የሚባል ነገር የለም።

ትክክለኛውን ማረጋገጫ የሚሰጠው በሲቪል አቪዬሽን ባለስልጣኑ የታወቀ የበረራ ሐኪም ብቻ ነው። ለዚህ አዲስ አበባ መውረድ አይቀርም። ከ40 ዓመት በታች ላለ የንግድ አብራሪ ማረጋገጫው ለ12 ወር ያገለግላል። ውጭ አገር የምትማሩ ከሆነ የዚያን አገር ሕክምናም ትታዩታላችሁ፤ የአንዱ አገር ወረቀት ለሌላው በቀጥታ አያገለግልም።

ራዲዮው፦ ንቀት የሚያስከፍልበት

ከታወር፣ ማለትም ከአየር ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ ጋር የሚነገረው በእንግሊዝኛ ነው። ኢካኦ የእንግሊዝኛ ችሎታን በ6 ደረጃ ይመዝናል፤ ለሥራ የሚበቃው ከ4 ጀምሮ ነው። ደረጃ 4 በየ3 ዓመቱ፣ ደረጃ 5 በየ6 ዓመቱ እንደገና መፈተን አለበት። ደረጃ 6 ያለው ድጋሚ አይፈተንም። የሚታየው አነጋገር፣ ሰዋስው፣ የቃላት ሀብት፣ ቅልጥፍና፣ መረዳትና መግባባት ነው። ከስድስቱ ዝቅተኛው ውጤት አጠቃላይ ውጤታችሁ ይሆናል። ሰዋስው ላይ ጎበዝ ሆኖ መስማት ላይ 3 ያመጣ ሰው ውጤቱ 3 ነው።

የራዲዮ ንግግር ቀመሩ ቶሎ ይለመዳል። ፊደላቱን አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ ብሎ መጥራቱም፣ ታወር ያለውን መልሶ መድገሙም የልምምድ ጉዳይ ነው። ፈተናው ቀመሩ ሲያልቅ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሁለቱም ሞተሮቹ ርግቦች ውጠው ወደቀ፤ 35 ሰው ሞተ። እንዲህ ያለው ቀን ላይ አስቀድሞ የተሸመደደ ዓረፍተ ነገር የለም። ሜይዴይ የሚለውን የድረሱልን ጥሪ ሦስት ጊዜ ካላችሁ በኋላ የሆነውን በራሳችሁ እንግሊዝኛ ማስረዳት አለባችሁ። ደረጃ 4 የሚለካውም ይህንን ነው።

የራዲዮ ፈቃዱ ወረቀት ከአገር አገር ይለያል። ደቡብ አፍሪካ ለብቻው ያስፈትናል። አሜሪካ ግን ያለ ፈተና፣ ቅጽ ተሞልቶ የሚሰጥ ነው፤ የሚጠየቀው ከአሜሪካ ውጭ ለመብረር ብቻ ስለሆነ ብዙ ተማሪ ሳያወጣው ይመለሳል። ራዲዮ ላይ የሚፈራ ሰው ደቡብ አፍሪካን ቢመርጥ ይሻለዋል። ሳይወድ በግዱ ይለማመዳል።

መንገድ አንድ፦ አየር መንገዱ ሲያስተምር

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአብራሪ ትምህርት ቤት ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ዛሬ በአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲው ሥር ነው። ተማሪዎቹ የሚጀምሩት እንደ ሴስና 172 እና ዳይመንድ ዲኤ40 ባሉ ትንንሽ አውሮፕላኖች ነው። ማስታወቂያ ሲወጣ የትምህርት ውጤት፣ ዕድሜ፣ ቁመት ይጠየቃል፤ ከዚያ የጽሑፍ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅና ሕክምና ይከተላል። መስፈርቱ ከማስታወቂያ ማስታወቂያ ስለሚለዋወጥ ጓደኛ በነገራችሁ ላይ አትተማመኑ።

ትልቁ ጥቅሙ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ባንድ ላይ መመለሱ ነው። ሕክምናው ከመግቢያው በፊት ይታያል፤ ሥራው ደግሞ ከመጨረሻው ጋር ተያይዟል። የሚከፈለው በጊዜ ነው። ለዓመታት የማገልገል ግዴታ ትፈርማላችሁ። ውሉ ዋስ የሚጠይቅ ከሆነ አባትና አጎት ሳይፈርሙ በፊት አብረዋችሁ ያንብቡት። ስታቋርጡ የሚከፈለው ስንት ነው? በሕመም ካቆማችሁስ? እነዚህን ሁለት አንቀጾች ፈልጋችሁ አግኙ።

ኤምፒኤል የሚባል ፈቃድም ሊገጥማችሁ ይችላል። ይህ ከመጀመሪያው ለአየር መንገድ ረዳት አብራሪነት የሚያዘጋጅ ሲሆን፣ በረራው በሲሙሌተር (በበረራ ማስመሰያ) ከሚሠራው ጋር ተደምሮ ቢያንስ 240 ሰዓት ነው። ጥሩ ሥልጠና ነው። ሆኖም ፈቃዱ የሚሠራው በሁለት አብራሪ በሚበር አውሮፕላን ላይ ነው። ነገ ወጥታችሁ በትንሽ አውሮፕላን ቱሪስት ጣናን አስጎበኛለሁ ብትሉ አይፈቅድላችሁም። ሲፒኤል ይህን ነፃነት ይሰጣል።

ካፒቴንነትም ወዲያው አይመጣም። በ2010 እ.ኤ.አ. የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ሴት ካፒቴን የሆኑት አምሳለ ጓሉም ከዚያ በፊት ለዓመታት በረዳት አብራሪነት በረዋል።

መንገድ ሁለት፦ አገር ውስጥ በራስ ገንዘብ

ቤተሰብ ቅርብ ነው፤ ቪዛ የለም፤ የምትፈተኑት ነገ የምትሠሩበትን ሕግ ነው። ሕክምናውም ፈቃዱም ያው አንድ ባለስልጣን ስለሚሰጣቸው የመቀየር ጣጣ የለም። ችግሩ የሥራው ጥያቄ ሳይመለስ መቅረቱ ነው። 200 ሰዓት ይዞ የወጣ ሰው ብዙ ቀጣሪ አይጠብቀውም። የአውሮፕላን ቁጥርም ጠይቁ፦ ስንት አውሮፕላን ዛሬ ይበራል? ስንት ተማሪ ተራ ይጠብቃል? አንድ ዓመት ይፈጃል የተባለው ሲንዛዛ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

መንገድ ሦስት፦ ኬንያ ወይም ደቡብ አፍሪካ

የኬንያ የበረራ ትምህርት ቤቶች በብዛት ያሉት ናይሮቢ ዊልሰን አየር ማረፊያ ነው። ማረፊያው ከባሕር ከፍታ ከ1600 ሜትር በላይ ነው። ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲገባ አየሩ ይሳሳል፤ አውሮፕላኑ 2700 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚበረው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ጫማው ወደ 3 በመቶ ጉልበቱን ያጣል። ከመሬት ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ሽቅብም ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ደጋ አገር ሊሠራ ያሰበ ሰው ይህን በተማሪነቱ ቢያየው እመርጣለሁ።

ደቡብ አፍሪካ ብዙ ትምህርት ቤት፣ ጥሩ የአየር ጠባይና ከፍ ያለ ውድድር አለ። ምርጫ ስላለ ዋጋ መደራደር ይቻላል። ቪዛው ግን ጊዜ ሊፈጅ ስለሚችል የኮርስ መጀመሪያ ቀን ከመፈረማችሁ በፊት ጨርሱት።

ለእኔ በራሱ ገንዘብ ለሚማር ሰው፣ ውጭ ከሆነ፣ ከአሜሪካ ይልቅ ናይሮቢ ትቀድማለች።

መንገድ አራት፦ አሜሪካ

ሁሉም ሰው አሜሪካን የሚያስበው «ቶሎ ያልቃል» ስለሚባል ነው። አውሮፕላኑ ብዙ ነው፤ አየሩ በፍሎሪዳም በአሪዞናም ለበረራ ይመቻል፤ ስለዚህ እውነትነት አለው። ሰዓቱ ግን ይበዛል። ፓርት 61 በሚባለው ነፃ አካሄድ ለሲፒኤል 250 ሰዓት ይጠይቃል። ፓርት 141 በሚባለው በጸደቀ ኮርስ ከጀማሪነት እስከ ሲፒኤል 190 ሰዓት ድረስ ይወርዳል። የውጭ ተማሪ ኤም 1 በሚባለው የሙያ ተማሪ ቪዛ ሲሄድ የሚመዘገበው በጸደቀው ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ በፊት የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ማንነታችሁን ያጣራል።

ዋናው ነገር ከምረቃው በኋላ ያለው ነው። በአሜሪካ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን በመደበኛው 1500 ሰዓት ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ልጅ ይህን የሚሞላው አስተማሪ ሆኖ እየተከፈለው ነው። በኤም 1 ቪዛ የሄደ ሰው ለተግባር ልምምድ የሚያገኘው ቢበዛ 6 ወር ነው። ስለዚህ አብዛኛው ከ200 እስከ 250 ሰዓት ይዞ ይመለሳል። እዚህ ሲደርስ ደግሞ የአሜሪካው ፈቃድ ትክክለኛ መሆኑ ከሰጪው ተረጋግጦ፣ የአገር ውስጥ የአየር ሕግ ፈተና ወስዶ፣ ሕክምናውን እንደገና ታይቶ ነው የሚቀየርለት።

አሜሪካን የምመክረው ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ እዚያ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው። ሌላው ከአየር መንገድ ጋር በጽሑፍ የተስማማ።

ገንዘቡ

ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ፣ በዶላር የተጻፈ የትምህርት ክፍያ በብር ሲተመን ከወር ወር ይለዋወጣል። ዛሬ የሚበቃ የተቀማጭ ገንዘብ ኮርሱ መሀል ላይ ሊጎድል ይችላል። ለናይሮቢም ቢሆን ከተባለው ዋጋ በላይ ጥሩ መጠባበቂያ ያዙ። ተጨማሪ በረራ የማይፈልግ ተማሪ ብርቅ ነው።

ዋጋ ሲነገራችሁ የሰዓቱ ክፍያ ነዳጅን ይጨምራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የማረፊያ ክፍያ፣ የፈታኝ ክፍያ፣ የድጋሚ ፈተና፣ የዩኒፎርምና የመጻሕፍት ወጪስ? ትምህርት ቤቱ በአገሩ ባለስልጣን ዝርዝር ላይ መኖሩን ራሳችሁ ከባለስልጣኑ አረጋግጡ፤ የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰርተፍኬት ማየት አይበቃም። ሙሉውን ክፍያ ባንድ ጊዜ ከከፈላችሁ ቅናሽ እናደርጋለን ሲሏችሁ አመስግናችሁ ተዉት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተማሪው ያስቀደመውን ገንዘብ ማስመለስ ከባድ ነው። በደረጃ ክፈሉ፦ ለግል ፈቃዱ፣ ቀጥሎ ሰዓት ለመሙላት፣ ቀጥሎ ለሲፒኤል። የበረራ መዝገባችሁንም በየሳምንቱ በአስተማሪ አስፈርማችሁ ቅጂውን ቤት አስቀምጡ።