«በሴፕቴምበር አትሂድ» ላሉኝ የደጋን ባለሙያ

ጁላይ 2024 ነው። አጋዘን ላድንበት የገዛሁትን ደጋን ይዤ ሜሪላንድ ውስጥ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጣ ብላ ካለች አንዲት ጠባብ የደጋን ሱቅ ገባሁ። የሚሠሩት ሰው ሰባ ዓመት ይጠጋቸዋል። «እስቲ አንዴ ሳበው» አሉኝ። ሳብኩት። «በቃ፣ ቀስ ብለህ መልሰው» አሉ። ከዚያ የግራ እጄን ያዙና እጅጌዬን ሰበሰቡት። የበለዘውን ቦታ አዩት። «ይሄ ደጋን ልክህ አይደለም» አሉኝ።

ዛሬ በአደባባይ ላመሰግን የምፈልገው እኚህን ሰው ነው። ሳላስፈቅድ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ አሁን ስልክ ስደውል ራሳቸው «ጋሼ ነኝ» ይላሉ።

ደጋኑን የገዛሁት ከአንድ ትልቅ የስፖርት ዕቃ መደብር ነበር። ማንም አልለካኝም። ጋሼ እጆቼን ግራና ቀኝ አስዘርግተው ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ለኩኝ። 70 ኢንች። ይሄ ለ2.5 ሲካፈል 28 ይመጣል፤ ደጋን መሳብ ያለብኝ እስከዚህ ርዝመት ነው። የኔ ደጋን ግን ለ30 ኢንች የተሠራ ነው። አውታሩ ክንዴን ሲገርፈኝ የከረመው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ደግሞ የልምምድ ማነስ መስሎኝ ስንት ወር ታግያለሁ።

ቀጥሎ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። «እግርህን ከመሬት አንሳና ሳብ» አሉ። አልቻልኩም። ደጋኑን ወደ ሰማይ ካላነሳሁ አይሳብልኝም። የመሳቢያ ክብደቱ፣ ማለትም ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት፣ 65 ፓውንድ ነበር፤ ወደ 54 አወረዱት። እኔ ከበድ ያለ ሁሉ የተሻለ ይመስለኝ ነበር። ለማደን ያሰብኩበት የኦሃዮ ስቴት ሕግ የሚጠይቀው 40 ፓውንድ ብቻ እንደሆነ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። «ብርድ ላይ ሦስት ሰዓት ተቀምጠህ፣ ጡንቻህ ደርቆ፣ አጋዘኑ እያየህ መሳብ አለብህ» አሉኝ። ከዚያ ወረቀት ወጥረው በወረቀቱ ውስጥ አስተኮሱኝ። ወረቀቱ የሚቀደድበት መልክ ፍላጻው ቀጥ ብሎ መሄዱን ይናገራል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጥቂት በጥቂት እያስተካከሉ፣ እያስተኮሱ ቆዩ። ያስከፈሉኝ ለአንድ ሰዓት ነው።

በመጨረሻ «ወዴት ልትሄድ ነው?» አሉኝ። ኦሃዮ፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ የቀስት አደን በሚከፈትበት ቀን አልኳቸው።

«በሴፕቴምበር አትሂድ።»

መጀመሪያ ከፋኝ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ነበር፣ ጓደኞቼም ያውቃሉ። እሳቸው ግን ምክንያታቸውን አንድ በአንድ ነገሩኝ። አንደኛው እኔው ነኝ። ደጋኑ ገና ዛሬ ነው የተስተካከለው፤ እንስሳ ላይ ለመተኮስ ሁለት ወር አይበቃህም አሉ። ሌላው ሙቀቱ ነው። ሴፕቴምበር ላይ ስጋ ቶሎ ይበላሻል፣ አጋዘኑም ቀን ብዙ አይንቀሳቀስም። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ግን የመራቢያ ወቅቱ ይደርሳል። ወንዱ እንስቷን ፍለጋ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ይዞራል። አዲስ ሰው በማያውቀው ጫካ ዕድል የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።

የቀን መቁጠሪያውን አወጣሁ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ያም በዚያ ዓመት ኖቬምበር 24 ነው። ኦሃዮ ደግሞ በዚያ ዓመት ኖቬምበር 16 እና 17 ለወጣቶች የጠመንጃ አደን ይከፍት ነበር። በነዚያ ቀናት ባለ ቀስቱም ጭምር ብርቱካናማ ልብስ መልበስ ግዴታ አለበት፣ ጫካውም ይረበሻል። ስለዚህ ከኖቬምበር 7 እስከ 11 ተስማማን። ከጠመንጃው በፊት፣ ከጾሙም በፊት። ጾማችንን ሳስረዳቸው በጥሞና ነው ያዳመጡኝ። «እንግዲያው ስጋውን ለማዳረስ ሁለት ሳምንት አለህ» አሉ።

ለምን ኦሃዮ ትሉኝ ይሆናል። ዋይትቴል የሚሉት ባለ ነጭ ጭራው አጋዘን እዚህ ሜሪላንድም ሞልቷል። እኔ ግን ትልቅ ጫካ ውስጥ፣ ሰው ሳላስቸግር፣ ጥቂት ቀን ማሳለፍ ፈለግኩ። ከስቴት ውጪ ለሚሄድ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ፈቃድ ነው። አዮዋ ለውጭ ሰው የቀስት ፈቃድ ለመስጠት ዓመታት ነጥብ ያስጠራቅማል። ካንሳስ በዕጣ ነው። ኦሃዮ ግን ዕጣ የለውም፤ ፈቃዱን በኢንተርኔት ገዝታችሁ ትሄዳላችሁ። ሁለት ነገር ነው የሚገዛው፦ የአደን ላይሰንሱና የአጋዘን ፈቃዱ። ለውጭ ሰው ርካሽ አይደለም። ሜሪላንድ የወሰድኩትን የአዳኞች ትምህርት የምስክር ወረቀት ያለ ጥያቄ ተቀብለውኛል።

መሬቱ ደግሞ የመንግሥት ነው። በደቡብ ምሥራቅ ኦሃዮ ዌይን ናሽናል ፎረስት የሚባል ከ240,000 ኤከር በላይ የሆነ ጫካ አለ። ማንንም ሳታስፈቅዱ ታድናላችሁ፣ ድንኳን ተክላችሁም ታድራላችሁ። አንድ ከባድ ነገር ግን አለው። ጫካው አንድ ወጥ አይደለም። እዚህ የመንግሥት፣ እዚያ የግለሰብ፣ እንደገና የመንግሥት እያለ የተቆራረጠ ነው። ጋሼ ያለ ካርታ እንዳልገባ አስጠነቀቁኝ። ኦንኤክስ የሚባለውን አፕ ስልኬ ላይ ጫኑልኝና፣ ኔትወርክ በሌለበት እንዲሠራ ካርታውን አስቀድሜ እንዳወርድ አሳዩኝ። እዚያ ሸለቆ ውስጥ ስልክ አይሠራም። ያን ባላደርግ የሰው መሬት ላይ እቆም ነበር።

ካርታውን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው ሁለት ምሽት አብረውኝ ተቀምጠዋል። ከመኪና ማቆሚያ ቢያንስ ግማሽ ማይል ራቅ። ሁለት ተረተር የሚገናኙበትን ዝቅ ያለ ቦታ ፈልግ፤ እንስሳ እንደ ሰው ነው፣ ሽቅብ መውጣት ካልቀረለት ዝቅ ባለው በኩል ይሻገራል። ነጭ ኦክ የሚባለውን ዛፍ ፈልግ፤ ፍሬው ከቀዩ ኦክ ይልቅ ስለሚጣፍጥ አጋዘን እሱን ያስቀድማል። ጠዋት ምድሩ ሲሞቅ አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሽታህን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ ሳታውቅ አትቀመጥ። እነዚህን ሁሉ በእጃቸው ጽፈው ሰጥተውኛል። ወረቀቱ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።

ሦስት ቦታ መርጠን ምልክት አደረግን። አንዱ ነፋስ ከምዕራብ ሲሆን፣ አንዱ ከደቡብ ሲሆን፣ አንዱ ደግሞ ሌላ ሰው ቀድሞ ከተገኘ። የመንግሥት ጫካ ላይ የመጨረሻው በጣም ያስፈልጋል።

እስከ ኖቬምበር የቤት ሥራ ሰጡኝ። በየቀኑ ጠዋት፣ ሳልሟሟቅ፣ አንዲት ፍላጻ ብቻ እንድተኩስ። «ጫካ ውስጥ ማሟሟቂያ የለም። የምትቆጠረው የመጀመሪያዋ ናት» ይሉኛል። ለልምምድ በሚሆነው ጫፍ ሳይሆን በአደኑ ስለት እንድለማመድ አደረጉኝ፤ ክብደታቸው እኩል ቢሆንም አበራረራቸው ሊለያይ ይችላል። በሱቁ ጀርባ ካለው ማማ ላይ ወጥቼ ከወገብ ጎንበስ ብሎ ወደ ታች መተኮስንም አስተማሩኝ። ትሪስታንድ (ዛፍ ላይ የሚሰቀል የአዳኝ መቀመጫ) ላይ የሚታሰረውን ሃርነስ፣ ከመውደቅ የሚያድነውን መታጠቂያ፣ ዐይናቸው እያየ አሥር ጊዜ አስለብሰውኛል። «እግርህ ከመሬት ከለቀቀ ጀምሮ እስክትወርድ ድረስ ታስረህ ነው» አሉ። በዚህ ቀልድ አያውቁም። ከዛፍ ወድቆ ወገቡ የተሰበረ ጓደኛ አላቸው።

ቃልም አስገቡኝ። ከ20 ያርድ በላይ ርቆ ያለ እንስሳ ላይ እንዳልተኩስ።

አንድ ሌላ ሰውም ላመስግን። አቴንስ ከተማ ያለው የኦሃዮ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት አራተኛ ዲስትሪክት ስደውል ያናገረችኝ ሴት። ያ ዓመት ደቡብ ምሥራቅ ኦሃዮ በከባድ ድርቅ ተመትቶ ነበር። ካርታ ላይ ሰማያዊ መስመር ስላየህ ውሃ አለ ማለት አይደለም፣ ብዙዎቹ ጅረቶች ደርቀዋል አለችኝ። እኔ ከመረጥኳቸው ሦስት ቦታዎች አንዱን የቀየርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሌላም ነገረችኝ። ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የሚባል የአጋዘን አንጎል በሽታ አለ። በዚያ የተነሳ አጋዘን እንዳለ ጭኖ ወደ ሜሪላንድ መግባት አይፈቀድም። ጭንቅላቱና አከርካሪው እዚያው መቅረት አለበት፤ አጥንቱ የተለየ ስጋ ግን ይገባል። ይህን ባላውቅ ሙሉውን ጭኜ ስድስት ሰዓት እነዳ ነበር። ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መደወል ይፈራል። ደውሉ። ሥራቸው ነው፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚመልሱት።

ረቡዕ ተነሳሁ። በ68 እና በ79 ቁጥር አውራ ጎዳናዎች አድርጌ፣ ከክላርክስበርግ በ50 ቁጥር መንገድ ፓርከርስበርግ ጋ ኦሃዮ ወንዝን ተሻገርኩ። ሐሙስ ምንም አላየሁም። ቅጠሉ በድርቁ ደርቆ እያንዳንዱ ሽኮኮ እንደ በሬ ይሰማል።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወንዱ መጣ። እንደዚያ ያለ ቀንድ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። አፍንጫውን መሬት ላይ አድርጎ የእንስት ዱካ እየተከተለ ነው። ቆመ። 35 ያርድ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ደጋኑን አነሳሁ። ሜዳ ላይ ኢላማውን በ35 ያርድ እመታለሁ። ግን ቃል ገብቻለሁ፤ እሱ ደግሞ ግማሽ ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል። ደጋኑን አወረድኩት። ሄደ።

ያን ቀን ማታ ከተማ ወጥቼ ለጋሼ ደወልኩ። ዝም ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ «አሁን ተማሪዬ ነህ» አሉኝ። እውነቴን ነው፣ ዐይኔ እንባ አቀረረ።

ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ትልቅ እንስት መጣች። ነጭ ኦኩ ሥር ቆማ ፍሬ ትለቅማለች። 17 ያርድ፣ ጎኗን ሰጥታኝ። በስመ አብ ብዬ ለቀቅኩ። ሮጣ ከዐይኔ ተሰወረች። ፍላጻው ላይ አረፋ ያለው ሮዝ ደም ነበር፤ ሳንባ ማለት ነው። የጋሼ ወረቀት «ሳንባም ቢሆን 30 ደቂቃ ጠብቅ። ሆድ ከሆነ ግማሽ ቀን» ይላል። ሰዓቴን እያየሁ 30 ደቂቃ ተቀመጥኩ። ወርጄ ስከተል 60 እርምጃ ያህል ርቃ ነው የወደቀችው። ብዙም አልተሰቃየችም። ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ለዚህ ነው። ደጋኑ ሳይስተካከል እንደ መጀመሪያው ቢሆን ኖሮ ቆስላ ጫካ ውስጥ ትቀር ነበር።

ሆድ ዕቃዋን አውጥቼ፣ ፈቃዱን ሞልቼ አስሬባት፣ ሁለት ሰዓት ጎትቼ መኪናው ጋ አደረስኳት። ኦሃዮ የገደላችሁትን እስከ ማግስቱ እኩለ ቀን በስልክ ወይም በኢንተርኔት እንድታስመዘግቡ ይጠይቃል። አየሩ ለኖቬምበር ሞቃት ስለነበር ሆዷን በበረዶ ሞላሁት። እዚያው አካባቢ ያለ የስጋ ቤት አጥንቱን ለይቶ፣ በፓውንድ በፓውንድ አሽጎ በሁለት ቀን አስረከበኝ። ቤተሰቡ የሚሠራበት ቤት ነው፣ ንጽሕናቸው ያስደንቃል። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ፤ ኖቬምበር ላይ ሞልቶ የሚመልሱት አለ። ወደ 40 ፓውንድ ስጋ ወጣ።

ብዙ ሰው የጠየቀኝን ልመልስ። ይበላል ወይ? ዘዳግም 14 ላይ ከሚበሉት መካከል ዋላ አለ፤ የቀረውን ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ጥሬውን ይሆናል ወይ? አይሆንም። የዱር እንስሳ ስጋ ጥገኛ ተሕዋስያን ሊኖሩት ይችላል፣ ለክትፎ አትሞክሩት፣ በደንብ አብስሉት። ቋንጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ስጋው ጮማ ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል። ሚስቴ በአዋዜ ለውሳ ሰቅላው ለጎረቤት ሁሉ ደርሷል። ለጋሼም አንድ ማሰሮ ወስጄላቸው እዚያው ቆመው ጨረሱት። አሁን ሚጥሚጣ አስለምደናቸዋል።

ደጋን ላላችሁ፣ ወይም ልትገዙ ላሰባችሁ፦ ቁጥራቸውን ለምትፈልጉ አስፈቅጃቸዋለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ደጋኑን ሌላ ቦታ ገዝታችሁ ብትሄዱም አይቆጡም፣ ያስተካክሉላችኋል። ኖቬምበር ልትወጡ ከሆነ ጁላይ ላይ ሂዱ፤ ከኦገስት መጨረሻ በኋላ ሱቁ ይጨናነቃል። ሰኞ ዝግ ነው። ስትሄዱ የድሮ ፍላጻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፣ አንድ በአንድ ያዩላችኋል። ጊዜም ያዙ። እጃችሁን አስዘርግተው ሳይለኩ ምንም አይጀምሩም።