ደንገል፣ ጃንጥላ ቄጠማ ወይስ ባለመስመሩ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ግቢ

የጌጥ ቄጠማ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ፦ ግቢያችሁ በሁለቱ ከተሞች መካከል ካለው ከሐረጎ ዳገት በላይ ነው ወይስ በታች? ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን ውርጭ የሚጥልበት ጊዜ አለ። ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ናት፤ ብርዱ ለስሙ ነው፣ ፀሐዩ ግን ያደርቃል። ምርጫውን የሚወስነው ይኸው ነው።

ደንገል የጣና ታንኳ የሚሠራበት፣ የጥንት ግብፆች ወረቀት ያወጡበት ፓፒረስ ነው። ከተመቸው 4 ሜትር ይደርሳል፤ ጫፉ ላይ ያለው ክር መሳይ ጸጉር ነፋስ ሲነካው ዓይን አያስነቅልም። ኮምቦልቻ ውስጥ ሰፊ ቦታና የማያቋርጥ ውኃ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ደሴ ላይ ግን ውርጩ አገዳውን ያቃጥለዋል፣ ነፋሱ ይሰብረዋል። ሥሩ ሊተርፍ ይችላል፤ ግን በየዓመቱ ከታች የሚጀምር ተክል ለጌጥ ምን ይረባል? ጠባብ ግቢም አይሆነውም፣ ሥሩ ወደ ጎን እየተሳበ ይሄዳል።

ለአብዛኛው ሰው እኔ የምመርጠው ጃንጥላ ቄጠማን ነው። በሳይንስ ስሙ ሳይፐረስ አልተርኒፎሊየስ ይባላል። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙ አያልፍም፣ ቅጠሉ አገዳው ጫፍ ላይ ዙሪያውን ይዘረጋል። ደሴ ላይ ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ ሥር ካስጠጋችሁት ይከርማል፤ ውርጭ የመታውን አገዳ ወዲያው አትቁረጡ፣ ብርዱ እስኪያልፍ ሥሩን ይሸፍንለታል። ትልቁን ለመግዛትም አትቸኩሉ። ጎረቤት ካለው አንድ ራስ ለምኑ፦ ከጃንጥላው ሥር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አገዳ አስቀርታችሁ ቁረጡት፣ ቅጠሉን በግማሽ ከርክሙ፣ ከዚያ ገልብጣችሁ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አኑሩት። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ከመሐሉ ነጭ ሥርና ቡቃያ ይወጣል። ደንገል ግን እንዲህ በቀላሉ አይባዛም፤ ሥሩን ከነቡቃያው ከፍሎ መትከል ይሻላል። ድመት ካለቻችሁ ደግሞ ተዘጋጁ፣ የጃንጥላ ቄጠማን ቅጠል ማኘክ ትወዳለች።

ሦስተኛው ባለመስመሩ ነው፤ ኬሬክስ ከሚባለው ወገን ነው። በተለይ ኤቨርጎልድ የተባለው፣ መነሻው ጃፓን የሆነ፣ መሐሉ ወደ ቢጫ የሚያደላ ጠርዙ አረንጓዴ ቅጠል ያለው። 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለመንገድ ዳርና ለሸክላ ይመቻል። ብርድ አይፈራም፤ የደሴ ጥላማ ግቢ እንዲያውም ይስማማዋል። የኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ ግን ጫፉን ያቃጥለዋል። ከሁለቱ የሚለየው ሌላው ነገር እርጥብ አፈር ቢወድም ውኃ ሲተኛበት መበስበሱ ነው።

ውኃን በተመለከተ የኮምቦልቻ ሰዎች ጠንቀቅ በሉ። ከተማዋ ወባ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ናት፣ ክፍት ውኃ ያለው ገንዳ ደግሞ ለትንኝ ጥሩ መፈልፈያ ነው። ደንገልን ወይም ጃንጥላ ቄጠማን ባልተበሳ ባልዲ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ከተከላችሁ ላዩን በጠጠር ሙሉትና ውኃው ከጠጠሩ በታች ይሁን። ዕቃ ያጠባችሁበትን ውኃ ብታጠጡ ችግር የለም፣ በረኪና የገባበትን ግን አታስጠጉ። ሸክላ ውስጥ ያለውን በሁለት ሦስት ዓመት አንዴ አውጥታችሁ ክፈሉት፤ ካልሆነ ሥሩ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል።

ስትገዙ ችግኙን ከነአፈሩ ገልብጣችሁ እዩት። አፈሩ ውስጥ ጠቆር ያሉ፣ እንደ ሽንብራ የሚያካክሉ ጉጦች በቀጭን ሥር ተያይዘው ካገኛችሁ እንግጫ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ተዉት። አንዴ ግቢ ከገባ በመንቀል አይጠፋም፣ ከምትነቅሉት ይልቅ መሬት ውስጥ የሚቀረው ጉጥ ይበዛል። ሥሩ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ግን ቅጠሉ ትንሽ ቢጠወልግም አብሽሩ፣ ያገግማል።

መትከያው ለኮምቦልቻ ሰኔ መጨረሻ ነው። ደሴ ያላችሁ በልጉ ከዘነበላችሁ መጋቢት ላይ ብትተክሉ ውርጩ ሳይደርስ ሥር ይይዛል።